እትዬ ሟርት

እትዬ እናኑ ሐሙሲት ከተማ ላይ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ ወድቀው ሞቱ። ወሬውን በስልክ የነገረችኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት ናት። ሆደ ቡቡ ሴት ናት፤ እያለቀሰች ነበር የምታወራኝ።

«ኧረ መምህር፣ የተቻለንን ሁሉ አድርገናል» አለችኝ። «ሰው አልጨከነባቸውም። ውኃ ፊታቸው ላይ ደፋንባቸው፤ ቁልፍ አስጨበጥናቸው፤ ክብሪት እየጫርን አፍንጫቸው ሥር ያዝንላቸው። ክብሪቱ እስኪያልቅ ጫርን። እግዜር አልፈቀደም።»

ክብሪት የሚለውን ቃል ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር መያዝ ከየት እንደመጣብን አላውቅም። እትዬ እናኑ ግን ይህን ልማድ እንደ ደመኛ ሲታገሉት ነው የኖሩት። «የወደቀ ሰው የሚፈልገው አየር ነው! እናንተ ጭስ ታጠጡታላችሁ!» እያሉ ሲጮኹ ድምፃቸው ከትምህርት ቤታችን ግቢ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ጭሱን ራሳቸው ጠጥተው ሄዱ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እርር ድብን እላለሁ።

ሐሙሲት የሄዱት ለገበያም ለዘመድ ጥየቃም አልነበረም። ባንቻየሁ የምትባል የቀድሞ ተማሪያቸውን ሊያመጡ ነበር። ልጅቱ ያንን ሻይ ቤት ከያዘችው አክስቷ ዘንድ ሻይ ትቀዳለች። በዚያው ሰሞን የከተማችን የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሠልጣኞች እንደሚቀበል ማስታወቂያ ለጠፈ። የሚመዘገበው ሰው ራሱ መቅረብ አለበት፤ ጊዜውም አጭር ነበር። የባንቻየሁ ስልክ ሲደወል ዝግ ነው ይላል። እትዬ እናኑ በሄዱበት ዋዜማ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ቦርሳቸውን እየዘጉ «ያችን ልጅ ሳላስመዘግብ አልሞትም» አሉ። ሲሞቱ ይህ አነጋገራቸው ራሱ እንደ ሟርት ተቆጠረባቸው።

እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ እሳቸው ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን ወንበራችን ጎን ለጎን ነበር። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ለበሩ ቅርብ ስለሆነ። የትም ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ሰውን ሳይሆን በርን ነው። ሠርግ ዳስ ይሁን ለቅሶ ድንኳን፣ ደጃፉ ላይ ቆም ይሉና መውጫውን በዓይናቸው ይፈልጋሉ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የወላጆች ስብሰባ ላይ የአዳራሹ የጎን በር በሰንሰለት ተቆልፎ አገኙት። ቁልፉ ከጥበቃው ቤት መጥቶ እስኪከፈት ድረስ ማንም ንግግር እንዳይጀምር አደረጉ። ርእሰ መምህሩ ማይክራፎኑን እንደያዘ ላብ በላብ ሆነ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ነበሩ። ከረዥም ቀሚስ ሥር ሸራ ጫማ ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ «በታኮ ጫማ ማን ይሮጣል?» የሚል ነው። ወዴት ነው የሚሮጡት ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ድፍረት ያለው ሰው አላየሁም። ነጠላቸውን ደግሞ ለመልበስ ብቻ አይዙትም ነበር። የተሰበረ ክንድ ማንጠልጠል፣ የሚደማ እግር ማሰር፣ የሚያቃጥል ነገር መያዝ፣ ሁሉንም በነጠላ ያሳዩ ነበር። ለትምህርት ማሳያ ሲጎትቱት ጥለቱ ተተልትሎ አልቋል።

ደግ ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ቁጡ ነበሩ፤ ይቅርታ ማለት አያውቁም፤ ሰው ፊት ያዋርዳሉ። አንድ ባልደረባችን ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ሁላችንን ጠራን። ዝናብ ስለነበር በርና መስኮቱ ተዘግቷል፤ ጥጉ ላይ የዶሮ ወጡ ድስት የከሰል ምድጃ ላይ ተጥዷል። እትዬ እናኑ ገብተው ዙሪያውን አዩና ባለቤቲቱን ሳያስፈቅዱ ምድጃውን በነጠላቸው ይዘው፣ ከነድስቱ፣ ወደ ውጭ ተራመዱ። ሰው ሁሉ የተቀየሙ መስሎት ተደናገጠ። ዶሮው ዝናብ ላይ ተቀምጦ እሳቸው መስኮት ከፈቱ፤ «አሁን ብሉ» አሉን። እናትየዋ አራስ ናት፤ ብርድ መታኝ ብላ አለቀሰች። «ብርድስ ይድናል» አሏት እትዬ እናኑ፣ ሳቅ የሌለበት ፊታቸውን ወደሷ አዙረው። «የከሰል ጭስ ግን ተኝተሽ ነው የሚወስድሽ፤ ልጅሽንም ጭምር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው «እትዬ ሟርት» የተባሉት። እኛ ዘንድ ክፉን ነገር በአፍ መጥራት ክፉውን መጋበዝ ነው። «ቤቱ ቢቃጠልስ?» ያለ ሰው ቤቱን ሊያቃጥል እንደመጣ ይታያል። «ጀልባው ቢገለበጥስ?» ካለማ በስመ አብ እያሉ ይማተቡበታል። እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን የሚከፍቱት «ቢሆንስ?» ለማለት ነበር። ሰው ለዚህ ጠባያቸው ምክንያት ይፈልግላቸዋል። ባላቸው ሰጥሞ ነው የሚል አለ፤ ልጃቸው ተቃጥሎ ነው የሚል አለ። አንዲት አዲስ መጥታ የነበረች መምህርት ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው፦

«እትዬ እናኑ፣ ምን ደርሶብዎት ነው?»

«ምንም አልደረሰብኝም» አሏት። «እስኪደርስብኝ ልጠብቅ?»

ልጅቱ ቀላች። እኔ ግን ያችን መልስ ወደድኋት።

ክበቡን ያቋቋሙት ራሳቸው ናቸው። ስሙን «የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ክበብ» ብለው ማመልከቻ ሲያስገቡ ርእሰ መምህሩ አስጠራኝ። «አማርኛ አንተ ነህ የምታስተምር፤ አደጋ የሚለውን ቃል በምን እንተካው? ወላጅ ያስፈራል» አለኝ። ቃሉን ብንተካውም አደጋው እንደማይተካ ልነግረው ሞክሬ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ክበቡ «የደኅንነትና የመልካም ሥነ ምግባር ክበብ» ተባለ። እትዬ እናኑ ማስታወቂያውን አንብበው ሲጨርሱ «መልካም ሥነ ምግባር የሰጠመ ሰው ያወጣል?» አሉና ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ወረዱ።

እዚያ ክበብ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር፣ ጉማሬ ከማይወጣበት በኩል፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ዋና ያስተምሩ ነበር። ጣና ዳር ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ከጉልበታቸው በላይ ውኃ ገብተው አያውቁም። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ያስሩና ለሚሰጥም ሰው እንዴት እንደሚወረወር ያለማምዳሉ። «ዘልለህ አትግባ! ሁለት ሬሳ ነው የሚወጣ! ጀሪካኑን ወርውር!» ይላሉ። ባለጀልባዎቹ ቆመው ይስቁባቸዋል። ጆንያ በጭድ ሞልተው፣ የኔን አሮጌ ኮት አልብሰው፣ የቆመ ልብ እንዴት ደረት በመጫን እንደሚታገዝ ያሳዩበታል። ልጆቹ ጆንያውን «ጋሽ ጆንያ» ብለውት ነበር። «በርቱ፣ አትለስልሱ!» ይሏቸዋል እትዬ እናኑ። «የጎድን አጥንት ቢሰበር ይጠገናል። የሞተ ሰው አይጠገንም።»

አንዱ ልጅ በተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ የዝናብ መጠን መለካት ጀመረና በየጠዋቱ ሰማይ እያየ የሚኖር ሆነ። ሌላዋ የሰፈሯን የውኃ ቧንቧና ጠባብ መተላለፊያ ሁሉ በካርታ ነደፈች። የተበላሸ ራዲዮ እየፈታ የሚገጥምም ነበር። እትዬ እናኑ ለሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ይህ የቅዳሜ ጨዋታ ብቻ አይደለም፣ እንጀራም ይሆናል። አደጋ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ውስጡ የአየር ጠባይ የሚያጠና አለ፣ አምቡላንስ የሚነዳ አለ፣ ስልክ ተቀብሎ የሚያረጋጋ አለ፣ ጠልቆ የሚያወጣ አለ ይሏቸው ነበር። ልጆቹ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት ሲባል ነው ያደጉት፤ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟቸዋል።

በሙያ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። እትዬ እናኑ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጋበዙ። ሰውዬው ቀይ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ የውኃውን ቱቦ ሲዘረጋ ልጆቹ አበዱ። በኋላ አዳራሽ ውስጥ፣ ወላጆች በተቀመጡበት፣ ተማሪዎች ምን መሆን እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። ባንቻየሁ ተነሣች። ያኔ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ዝምተኛ፣ ረዥም፣ እጀ ጠንካራ ልጅ። በክበቡ ውስጥ ጋሽ ጆንያን እንደሷ የሚጫን አልነበረም።

«እሳት አደጋ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ምክንያቱም የቋንቋችን ነገር ነው። የሚያቃጥለውንም የሚያጠፋውንም በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። «እሳት አደጋ መጣ» ሲባል የመጣው ሰዎቹ ይሁኑ ቃጠሎው የሚለየው በሰሚው ነው። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠው አባቷም አልሳቀም። አቶ ደመላሽ ይባላል፤ ከደሴ ተዛውሮ የመጣ፣ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል የሚሠራ፣ ካራቫት የማይለየው ሰው ነው። ጭንቅላቱን ቀና ሳያደርግ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

እትዬ እናኑን ከሁሉ በላይ የጎዳቸው ግን የጀልባው ቀን ይመስለኛል። ትምህርት ቤታችን ተማሪዎችን ለንግሥ በዓል ወደ አንድ ደሴት ገዳም ሊወስድ ተነሣ። አንድ ረጂ ድርጅት ለክበቡ የሰጠው አዳዲስ ላይፍ ጃኬት ንብረት ክፍል ተቆልፎበት፣ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። እትዬ እናኑ ይውጣልኝ አሉ። ርእሰ መምህሩ አላወጣም። «ለጉብኝቱም ለበዓሉም እየወጣ ካረጀ ለጋሾቹ ሲመጡ ምን እናሳያለን?» አለ። እንዲህ ያለው ከልቡ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም።

በዕለቱ ጠዋት እትዬ እናኑ የጀልባ መሳፈሪያው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጀልባው ከልክ በላይ ሰው ይዟል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ነፋስ ይነሣበታል። «ያለ ጃኬት አንድም ልጅ አይሳፈርም!» አሉ። ሰው ተቆጣ። በዓል ይሽራሉ፣ እምነት የላቸውም ያለም ነበር። አንዲት ወላጅ «ሟርተኛ! በልጆቼ ላይ አታሟርቺ!» ብላ ጮኸችባቸው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሴትዮዋን ገሠጿት።

«ተይ ልጄ፣ ኖኅንም እንዲሁ ብለውት ነበር። መርከቡን ሲሠራ ገና ጠብታ ዝናም አልወረደም።»

እትዬ እናኑ ፊታቸው በራ። መሪጌታው ይህን ተናግረው ሲያበቁ «እኔስ ማኅሌት ይጠብቀኛል» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከማንም ቀድመው ተሳፈሩ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል? ባንቻየሁና ጥቂት የክበቡ ልጆች ብቻ ቀሩ። እትዬ እናኑ ጀሪካናቸውንና ገመዳቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ዋሉ። አመሻሽ ላይ ጀልባው እየተዘመረበት፣ እየተጨበጨበበት በሰላም ተመለሰ። ከላይ ሆነው «እትዬ ሟርት፣ ይኸው ደረስን!» እያሉ እጃቸውን አውለበለቡላቸው። እሳቸው ገመዱን ጠቀለሉና መሄድ ጀመሩ። መንገድ ላይ ደረስሁባቸው።

«ሲመለሱ ደስ አለኝ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ማን ያምነኛል?»

እውነታቸውን ነበር፤ ማንም አላመናቸውም። ጀልባው ባለመስጠሙ ያፈሩ መስሎት ከተማው ለሰሞኑ ሳቀባቸው።

ባንቻየሁ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወሰደች፤ እንደ ብዙው ልጅ አላለፈችም። ውጤቱ በወጣ ማግሥት እትዬ እናኑ እኔን አስከትለው አቶ ደመላሽ ቤት ሄዱ። ሰውዬው በክብር ተቀበለን፤ ቆሞ ወንበር አቀረበ።

«እትዬ እናኑ፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ» አለ። «ልጄን ከመጥፎ ውሎ ጠብቀውልኛል። ግን ሰው ልጄ ሐኪም ሆነች ይላል፤ ባንክ ገባች ይላል። እኔን ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ልጄ እሳት አደጋ ሆነች?»

«በላ! ምን አለበት?»

«ኧረ እትዬ እናኑ…»

«ቤትህ ሲቃጠል የምትጠራው ባንክ አይደለም።»

የአቶ ደመላሽ ፊት ተለዋወጠ። «ቤቴ ለምን ይቃጠላል?» አለ። ሚስቱ ከጓዳ በር ላይ ቆማ አማተበች።

እትዬ እናኑ እንደ ልማዳቸው ወደፊት ገፉ። ስለ ልጅቱ እጅ ተናገሩ፤ ልጅቱ ሰው ሲጮህ እንደማትጮህ፣ ሰው ሲሮጥ መጀመሪያ ቆማ እንደምታይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በስንት ዓመት አንድ እንደሚገኝ ተናገሩ። እንዲህ ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። አቶ ደመላሽ እስኪጨርሱ በአክብሮት ሰማቸው። ከዚያ «እሺ፣ እናስብበታለን» አለ። እንዲህ ያለው እሺ ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ የሚችል ሁሉ ያውቃል። ብዙም ሳይቆይ ባንቻየሁ አክስቷ ዘንድ ሐሙሲት ተላከች፤ እትዬ እናኑ እንዳይነዘንዟት ስልኳንም አባትየው ያዘው።

የቀብሩ ቀን ሰው በዛ። ያልሳቀባቸው ሰው አልነበረም፤ ያላለቀሰላቸውም አልነበረም። ርእሰ መምህሩ «የደኅንነት እናት» ብሎ አወደሳቸው። እኔ ከጀርባዬ የሚንሾካሾኩትን ሴቶች ነበር የምሰማ። አስከሬኑን ያጠቡት ሴቶች ደረቱ ላይ የበለዘ ነገር አይተዋል። ወሬው ከሐሙሲት ቀድሞ መጥቷል፤ ተማሪያቸው ናት አሉ፣ ሲወድቁ ላያቸው ላይ ወጥታ ደረታቸውን ደብድባ ጨረሰቻቸው አሉ። ባንቻየሁ ቀብሩ ላይ አልነበረችም። አቶ ደመላሽ ነበር፤ ጥቁር ካራቫት አድርጎ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ማንም ወደሱ አልተጠጋም።

ሳምንት ሳይሞላ ክበቡ ተዘጋ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ጥበቃው ጋሽ ጆንያን ፈትቶ ጭዱን ለበጉ ወሰደው። ላይፍ ጃኬቶቹ አሁንም ንብረት ክፍል አሉ፤ አላረጁም።

ምዝገባው ገና አልተዘጋም ነበርና እኔ ሐሙሲት ወረድሁ። ልጅቱን ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ጥቂት ነበር። አክስቷ ስታየኝ ዓይኗን ጠራረገችና ወደ ጓዳ ገባች። ባንቻየሁ ሻይ አምጥታልኝ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ያለወትሮዋ ሳልጠይቃት ማውራት ጀመረች።

«ከመኪና ሲወርዱ ከሩቅ ነው ያየኋቸው፤ ሸራ ጫማቸውን ሳይ አወቅኋቸው። ‹ባንቺ! ልብስሽን ያዢ፣ እንሄዳለን!› አሉኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ውኃ ስጪኝ አሉኝ። ውኃውን ይዤ ስወጣ ወድቀዋል። አየሁ፤ ትንፋሽ የላቸውም። እንዳስተማሩኝ ተንበረከክሁና ደረታቸውን መጫን ጀመርሁ።»

«ጎበዝ» አልኋት።

«አይደለም ቲቸር። መጀመሪያ ሰዎቹ ቆመው አዩኝ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ‹ኧረ ልጅቱ አሮጊቷን ደበደበቻት፣ ያዟት!› አለ። አክስቴ በወገቤ ይዛ ጎተተችኝ። ‹ነፍሳቸው ቢወጣ ባንቺ ነው የሚላከክ፣ ተነሺ!› ትለኛለች። ተምሬያለሁ፣ ልቀቁኝ አልሁ። ‹ማን አስተማረሽ?› አሉኝ። እሳቸው አልሁ፤ የወደቁት። ሳቁ ቲቸር። እውነቴን ነው፤ አንዱ ሳቀ። ሁለት ወንዶች ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቆሜ ነው ያየሁት።»

ሐኪም ልብ ነው ብሏል፤ ባትጎተትስ ኖሮ ይተርፉ ነበር ወይ የሚለውን የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ነገርኋት። እኔ ራሴ ግን ባይድኑም እንኳ በልጃቸው እጅ ሥር ሆነው ቢሄዱ ምን ነበረበት እል ነበር። የወደቁ ለት እንኳ ከጎናቸው የነበረችውን፣ ምን ማድረግ እንዳለባት የምታውቀውን አንዲት ልጅ ሕዝቡ በፍቅሩ፣ በርኅራኄው፣ ነጥቆ ወሰደባቸው። ክፉ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር።

«ምዝገባው እስከ ነገ ነው» አልኋት። «ለዚህ ነው የመጣሁት። አባትሽንም አነጋግሬዋለሁ፤ አሁን እምቢ የሚል አንደበት የለውም። ተነሽ እንሂድ። እሳቸውም የመጡት ለዚሁ ነው።»

ባንቻየሁ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። የጣቶቿ ጥንካሬ እንደዱሮው ነው።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «ትናንት አንድ ሹፌር እዚያ ጥጉ ወንበር ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሰው ተሯሯጠ፤ ተጯጯኸ። ሁሉም ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ትሪዬን ይዤ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።»

«ከዚያስ?»

«ራሱ ተነሣ። ጾም ይዞት ነው መሰለኝ። አክስቴ መጥታ ‹አየሽ፣ አለመንካት ደግ ነው› አለችኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንኳን ተነሣ።»

«አዎ፣ እንኳን ተነሣ» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ግን ባይነሣም ኖሮ አልወጣም ነበር ቲቸር።»

ውጭ የጎንደር አውቶቡስ ቆሞ ሰው መውረድ ጀምሯል። አክስቷ ተጣራች፤ ባንቻየሁ ትሪዋን አንሥታ ልትታዘዝ ሄደች።